አያቴ ለእንግዳዋ የተቀመጡት ለቅሶ

አያቴን ከቀበርናቸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ዶርዜ ላይ ሸማኔ ነበሩ፤ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ አብሬያቸው የኖርኩት እኔ፣ የልጅ ልጃቸው ነኝ። ደርግ ከወደቀ ወዲህ የቀርከሃ ቤታችንን ለማየት ከአርባ ምንጭ ዳገቱን የሚወጡ ፈረንጆች በዝተው ነበር። ካሜራ ሲያወጡ አያቴ ሽመናቸውን ትተው ይነሡና፣ «የሰው ቤት ከውጭ አይታይም፤ ይገባል እንጂ» ይሉ ነበር። በጋሞኛ የሚሉትን በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ የምተረጉመው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን አንዲት ፈረንጅ ሴት ብቻዋን መጣች። ቆጮ በማር አቅርበውላት፣ እንደ ልማዳቸው «እናትሽ ደኅና ናት?» አሏት።

«መንገድ ላይ ሳለሁ ሞተች፤ ለቀብሯ አልደረስኩም» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ይህን ስነግራቸው አያቴ ራሳቸው የሠሩትን ቡልኮ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉና፣ «ሂጂ፣ ጎረቤት ጥሪ። ይቺ ልጅ ለቅሶ አልተቀመጠችም» አሉኝ።

ጎረቤቶች መጡ፤ ቤቱ ሞላ። የእናቷን ስም ጠይቀን፣ ያላየናትን ሴት በስሟ እየጠራን አለቀስን፤ ለልጅቷም ጸለይን። እሷም እስኪወጣላት ድረስ አለቀሰች።

የአያቴን ለቅሶ የደረሱትም እነዚያው ጎረቤቶች ናቸው፤ አሁን ግን ሁሉም ወደ ሥራው ተመልሷል። ዛሬ ረፋድ ላይ ሁለት ፈረንጆች መጥተው ከደጅ ፎቶ አነሡ። ወጥቼ ሰላም አልኳቸው፤ ግቡ ማለት ግን አቃተኝ። መኪናቸው ቁልቁል ሲወርድ ጥቂት ቆሜ አየሁና፣ ተመልሼ ለአንድ ሰው ብቻ ምሳ አቀረብኩ።