አንገት አስቆራጯ

የፋሲካ ሰሞን ቴሌቪዥኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ፊልሞችን መደርደር ሲጀምር በእኛ ቤት ሪሞቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ልጆቼ «እማዬን ደግሞ ጀመራት» ይላሉ፤ ይበሉ። የንጉሡ የልደት ግብዣ ላይ ሲደርስ፣ ወይኑ መቀዳት ሲጀምር፣ ጣቢያውን እቀይረዋለሁ። ያቺ ልጅ ልትገባ ነዋ! ጨፍራ ንጉሡን ያስደሰተችው፣ «የምትፈልጊውን ጠይቂኝ» ሲላት እናቷን አማክራ የአጥማቂውን ነቢይ ራስ በወጭት ያስመጣችው ልጅ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የንጉሡ አፍ አመለጠ፣ የተቆረጠው ግን የሌላ ሰው ራስ ነው።

ወንጌሉ ስም እንኳ አልሰጣትም። እኔ ግን አውቃታለሁ። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ እሷን ሆኜ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለቃኝ አታውቅም።

የሚያውቀኝ ሰው ፊት አላያትም እንጂ ብቻዬን ስሆን አሳድዳታለሁ። ድሮ መናኸሪያው አጠገብ በነበረው ቪዲዮ ቤት አንድ የፈረንጅ ፊልም ላይ ሻሽ በሻሽ ሆና መጣች፤ አንዱን ሻሽ በጣለች ቁጥር ወንዶቹ ያፏጫሉ። ጓደኛዬ ያዋሰችኝ ልብ ወለድ ደግሞ ነቢዩን አፍቅራው፣ እምቢ ስላላት አስገደለችው ይላል፤ መጽሐፉን ሳልጨርስ መለስኩላት። አዲስ አበባ ለሥራ ሄጄ ባየሁት ቴአትር ላይ የተጫወተችው ሴትዮ የእኔ እኩያ ትሆናለች። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «እንዲህ ከሆነችማ እኔም እቆርጥላት ነበር» ብሎ ሲስቅ ተነስቼ ወጣሁ። ሁሉም ትልቅ ሴት ያደርጓታል። ኧረ ልጅ ነበረች! ወንጌሉ ራሱ ብላቴና ነው የሚላት። የነቢዩን ራስ ለእናቷ ካስረከበች በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት፣ ምን ሆና እንደተነሳች የጠየቀ አንድም ሰው አላየሁም።

እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ድራማ ክፍል ይህንን ታሪክ ሲያዘጋጅ ጨፋሪዋን የሚሆን ሰው ጠፋ። ኳየር አብረውኝ የሚዘምሩት ልጆች ሁሉ «በጌታ ስም!» እያሉ ሸሹ። እኔ እጄን አወጣሁ፤ መጨፈር እወድ ነበር፣ ምን ልዋሽ። በእኛ በጴንጤዎቹ ዘንድ ደግሞ ማጨብጨብና እልልታ ይፈቀዳል፣ ወገብ አይፈቀድም። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩ። ከበሮ አይኖርም አሉ። ትከሻም አይኖርም አሉ። አንዱማ «ጨፋሪዋ ቆማ ብትዘምርስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ንጉሥ መዝሙር ሰምቶ አንገት ሲያስቆርጥ አስቡት! በመጨረሻ ጨዋ የመሰለ መላ ተገኘ። ከጉራጌው ሱቅ ነጭ አቡጀዲ ተገዝቶ መድረኩ ላይ ይወጠራል፤ እኔ አካሌ እንዳይታይ ከአቡጀዲው ጀርባ ሆኜ እሽከረከራለሁ።

አይ ያገሬ ሽማግሌ! ከኋላዬ ትልቅ አምፖል እንደሚበራ ማንም ልብ አላለም። የለበስኩት ቀሚስ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ነበር፤ መብራቱ ግን ቀሚሱን በላው። አዳራሹ ያየው ራቁቷን የቆመች የመሰለች፣ ጣሪያ የምትነካ የሴት ጥላ ነው። እኔ ከወዲያ ሆኜ ይህን በምን ልወቅ? ሰው ጸጥ ሲል በጭፈራዬ የተደነቀ መስሎኝ ይብስ ተሽከረከርኩ።

ከበሮ ስለተከለከለ ምት የሚሰጠኝ ነቢዩን የሚጫወተው ልጅ ነበር። መድረኩ ዳር ጨለማው ውስጥ ተቀምጦ ያጨበጭብልኛል፤ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት። ቦኖሻ የምትባል ትንሽ ከተማ ተወልዶ እኛ ትምህርት ቤት የሚማር፣ በክፍል የሚበልጠኝ፣ ሳቅ የማያጣ ልጅ ነበር። የሚቆረጠውም ራስ የተሠራው በእሱ ፊት ላይ ነው። ፊቱን ቫዝሊን ተቀብቶ፣ እንዲተነፍስ አፍንጫው ውስጥ የእስክሪብቶ ቀፎ ሰክቶ ተጋደመ፤ እኛ የተቀደደ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እየነከርን ለጠፍንበት። ሳቁ እያመለጠው ስንት ጊዜ እንደ አዲስ አስጀመረን። ሲደርቅ ወረቀቱ የእሱን ፊት ይዞ ወጣ፤ ዓይኑ ተጨፍኖ፣ ሳቁን ሊውጥ ሲታገል የተነፋው ጉንጩ እንኳ ሳይቀር። የበግ ፀጉር በጫማ ቀለም አጥቁረን ጢምና ጎፈሬ አደረግንለት። አንገቱን ቀይ ቀለም ቀባነው።

የድራማው ዕለት እናቱ ከቦኖሻ መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አማርኛ እምብዛም አይሰሙም፤ ድራማ የሚባል ነገርም አይተው አያውቁም። የወረቀቱን ራስ በትሪ ተሸክሜ ከአቡጀዲው ጀርባ ብቅ ስል በሀዲይኛ «ልጄን!» ብለው ጮኹና መድረኩ ላይ ወጥተው ትሪውን ያዙ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ልጁ እየሮጠ ወጣ፤ «አማ፣ ይኸው እኔ! ይኸው አለሁ!» አላቸው። እኛ አካባቢ እናት «አማ» ነው የምትባለው። በጥፊ መቱት፣ መልሰው ደግሞ አገላብጠው ሳሙት። ከዚያ ቀና ብለው ትሪዬን እንደያዝኩ አዩኝ። ያ ዓይን እስካሁን ከፊቴ አልሄደም።

በጥላዬ የተነሳ ከኳየር ታገድኩ፤ ገበያ ላይ ደግሞ «አንገት አስቆራጯ» የሚል ስም ወጣልኝ። ቀልድ ነበር፣ እኔም እስቅ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ልጁ ዱራሜ ዘመድ ጠይቆ ሲመለስ የተሳፈረባት መኪና ተገለበጠች። እሱ ሞተ። ከዚያ በኋላ ስሙ ቀልድ መሆኑ ቀረ። «በቁሙ አንገቱን ቆርጣ በትሪ አዞረችው፤ ሟርት እኮ ነው» ይሉ ነበር ውኃ ስቀዳ እየሰማሁ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የሰሜን ሰው አስተማሪ ነበሩ፤ ሊያጽናኑኝ ፈልገው «በእኛ በኦርቶዶክሶቹ ቤተ ክርስቲያን የነቢዩ ራስ ክንፍ አውጥቶ በረረ፣ ብዙ ዘመን በአየር ላይ እየዞረ አስተማረ ነው የሚባለው፤ አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። ማጽናናታቸው ነው እንግዲህ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆርቆሮው ላይ ኮሽ ያለው ሁሉ እሱ እየመሰለኝ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባ ነበር።

ለቅሶ ላይ የሟችን ፎቶ ከፍ አድርጎ ይዞ መዞር ወግ ነው። እናቱ እጅ የነበረው ግን የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። «ይሄ ልጄን አይመስልም፤ ያንን ራስ አምጡልኝ» ብለው ላኩ። ሽማግሌዎቹ «ጣዖት ነው፣ አይሆንም» አሉ፤ የድራማ ክፍሉ ልጆችም መንካቱን ፈሩ። እኔም ፈርቼ ነበር። ግን እናት ለምና እንዴት እምቢ ትባላለች? ከዕቃ ክፍሉ አውጥቼ በነጠላ ጠቀለልኩትና መናኸሪያ ሄድኩ። ረዳቱ «እሱን ላይ እንጫነው» ብሎ እጁን ሲዘረጋ «አትንካው!» ብዬ ጮኽኩ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። «ምንድን ነው?» ሲለኝ «ገንቦ ነው» አልኩት። እስከ ቦኖሻ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። መኪናው ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር አፍንጫው በነጠላው ውስጥ መዳፌን ይነካኛል።

ምን እያደረግኩ እንደሆነ የገባኝ ድንኳኑ ደጃፍ ስደርስ ነው። የጨፈረችው ልጅ ራሱን ይዛ ወደ እናት! ያው ድራማው እኮ ነው። ለቅሶ የመጡት ሽማግሌዎቻችንም ቆመው ያያሉ። እናቱ ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩት፤ ከዚያ የመቀነታቸውን ጫፍ በምራቃቸው እየነከሩ ከአንገቱ ላይ ቀዩን ቀለም ይጠርጉት ጀመር። እስኪለቅ ድረስ ጠረጉት። ሲጨርሱ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ራሱን ከፍ አድርገው አልቃሹ መሃል ገቡ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ዝምታቸውን እንደ ፍርድ ተቀብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ አልጨፈርኩም። በሠርጌ ዕለት እንኳ ሚዜዎቼ ሲያስነሱኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጸሎት ቤት ውስጥ ጉባኤው ሲያጨበጭብ፣ ከዚያ ሁሉ እጅ መሃል ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት የሚል ጭብጨባ ይሰማኛል። ዞሬ አያለሁ፣ ማንም የለም።

ባለፈው መስከረም ከቦኖሻ ከልጁ እናት መልእክት መጣ፤ «ያቺን የጨፈረችውን ልጅ ሳልሞት አምጡልኝ» ብለዋል። ሽማግሌ ሊሞት ሲል ሰው የሚያስጠራው ለሁለት ነገር ነው፤ ወይ ሊመርቅ፣ ወይ ሊረግም። የእናት እርግማን ደግሞ ከእኔ አልፎ ለልጆቼ ይተርፋል። ባሌ «ምን አገባሽ፣ አትሂጂ» አለኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ብቀርም ሳይረግሙኝ እንደተረገምኩ ልኖር ነው። ስለዚህ ሄድኩ።

ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ከእናቱ አልጋ ራስጌ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ጢሙን አይጥ ጨርሶታል፣ ጭስ አጥቁሮታል፣ አፍንጫው ተሰብሮ በጭቃ ተጠግኗል። እኔ ሽበት አብቅያለሁ፤ እሱ ያው ዓይኑን ጨፍኖ ሳቁን ይውጣል።

«መጣሽ?» አሉኝ በሀዲይኛ።

«መጣሁ አማ።»

ራሱን አስወርደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ያኔ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ይማሩኝ» አልኩ።

«ከምኑ?» አሉኝ ግራ ገብቷቸው።

«ከጭፈራው። በእኔ የተነሳ ነው የሞተው ይባላል።»

«ምን ዓይነት ወሬ ነው!» ብለው ተቆጡ። «የድራማው ዕለት ማታ ልጄ ስለ አንቺ ጭፈራ አውርቶ አልጠገበም። እያጨበጨበ ምቱን አስተማረኝ። በአባቶቻችን ጊዜ ለጎበዝ ልጅ ለቅሶው ላይ ይጨፈርለት ነበር፤ እናንተ ጴንጤዎቹ መጥታችሁ አስቀራችሁብን። ድንኳን ስትመጪ 'ለልጄ ጨፍሪልኝ' ልልሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሽማግሌዎቻችሁ ቆመው ሲያዩኝ አፈርኩ፣ ዞሬ ሄድኩ። ልጄ ሳይጨፈርለት ቀረ።»

ስንት ዘመን! እኔ ፍርድ ነው ብዬ የተሸከምኩት ዝምታ የእሳቸው እፍረት ነበር።

«ዓይኔ ደክሟል፣ የሚታየኝ ጥላ ብቻ ነው» አሉ። «በሩ ላይ ቁሚ፣ ብርሃኑ ከኋላሽ ይሁን።»

በሩ ላይ ቆምኩ። የከሰዓት በኋላው ፀሐይ ጀርባዬን አሞቀው፤ ጥላዬ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ እግራቸው ድረስ ደረሰ። ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት። የእሱ እጅ ነው! ከእናቱ መዳፍ የሚወጣው የእሱ ጭብጨባ ነው። ጨፈርኩ። በትከሻም፣ በወገብም፣ ተከልክዬ በነበረው ሁሉ፣ እንባዬን ሳልጠርግ ጨፈርኩ። እሱ ከእናቱ ጭን ላይ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ሳቁን ይዟል።

ትንፋሼ ሲያልቅ ጭብጨባውም ቆመ። እጃቸውን አናቴ ላይ ጭነው መረቁኝ፣ ልጆቼንም መረቁ። ከዚያ ራሱን አቅፈው ሳሙትና በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

«አሁን ውሰጂና ቅበሪው» አሉ።

በእጄ ተቀበልኩት። ይከብደኛል ብዬ ነበር፤ ወረቀት ነው ለካ።