ዘይት የማይነካው ጠመንጃ

የወንድሜን ሚስት ሰገነትን ወድጃት አላውቅም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ቅን ሰው ስለሆንኩ አይደለም፤ በኋላ «ምን አደረገችሽ?» ብላችሁ እንዳትደክሙ ነው። ምንም አላደረገችኝም።

ኃይሉ ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት ያሳደግኩት እኔ የሺሀረግ ነኝ። በፈረንጆቹ 1993 አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ወዳለው አፓርታማቸው ሲያስመጣኝ ቤቱን የማዝዝበት መስሎኝ ነበር። ሰገነት ግን እሺ እያለች እምቢ የምትል ሴት ሆና አገኘኋት። «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ስላት «እሺ፣ እትዬ» ትላለች፤ በማግስቱም ያው ጨው ነው። ሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ በሚገኝ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ስትሠራ አሥር ዓመቷ ነው። እርጥብ አንሶላ ስትጎትት ትከሻዋ አልቋል፤ ማታ ማበጠሪያ ለማንሳት እንኳ ታቃስት ነበር።

ይህች ናት እንግዲህ ተኳሽ የሆነችው። የጀመረችው በነሐሴ ወር፣ ፌር በሚሉት ባዛር ላይ ነው። በአየር ጠመንጃ የሚመቱ፣ ተሰልፈው የሚያልፉ የቆርቆሮ ዳክዬዎች ነበሩ፤ ሰገነት ሃያ ተኩሳ ሃያውንም ጣለች። ኃይሉ በአገሩ አሥራ ስምንት ዓመት የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ነበርና፣ «ስጪኝ፣ ላሳይሽ» ብሎ ተቀበላት። አሥራ ሦስቱን ሳተ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቤት ስንደርስ ግን ወንድሜን ያዋረደችው ሆን ብላ እንደሆነ ለራሴ ነግሬ ጨርሼ ነበር።

ጠመንጃ ልትመርጥ ስትሄድ አንድ ቀን አብሬያት ሄድኩ፤ ለመታዘብ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ሱቁ ፍሮግታውን አካባቢ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ነው። ባለሱቁ በመጀመሪያ ባለስፕሪንግ የአየር ጠመንጃ ሰጣት። በተኮሱ ቁጥር አፈሙዙን ቆልምሞ ስፕሪንጉን መጫን ያስፈልጋል። አራት ጊዜ ቆለመመችው፤ በአምስተኛው ክንዷ ተንቀጠቀጠ። እኔ ደስ አለኝ። ሰውየው ግን ሌላ አወጣ። ከአፈሙዙ ሥር አየር የሚጠራቀምበት ቧንቧ አለው። አየሩ አስቀድሞ ውኃ ጠላቂዎች ከሚሸከሙት ዓይነት የአየር ታንክ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ በጣት ትንሽ ሳብ ማድረግ ብቻ ነው። ሲተኮስ ትከሻ አይመታም። ሰውየው ጥንቸል የሚጥለውን ትልቁን ሊሸጥላት ብዙ ለፈፈ። እሷ ግን አንዱንም ሌላውንም ጉንጯ ላይ እያስደገፈች፣ አንዴ ተሞልቶ ስንት ጊዜ እንደሚተኩስ፣ የጎማ ቀለበቶቹ የትም ይገኙ እንደሆነ፣ ሰደፉ ለክንዷ ይረዝም እንደሆነ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ጠየቀች። በመጨረሻ ቀለል ያለውንና አጭሩን፣ ያገለገለውን መረጠች። ቀለበቶቹንም እዚያው ፊቷ አስቀየረች። ሁለት አውቶቡስ ቀይረን ተመለስን።

አብራ የገዛችውን የአየር ታንክ ያስቀመጠችው እኔ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥርዓቷን ሁሉ አይ ነበር። ቱቦውን ታገናኛለች፣ መክፈቻውን በጣም ቀስ ብላ ታዞራለች፣ ዓይኗን ከመለኪያው ሳትነቅል ሁለት መቶ ላይ ትዘጋለች። ቶሎ ከተሞላ ይግላል። ባዶውንም አታሳድረውም፤ ጥቂት አየር ካልቀረ ቀለበቶቹ ይላላሉ። ለቀለበቶቹ ከትንሽ ቱቦ የሲሊኮን ቅባት በጣቷ ጫፍ ታስነካለች። ዘይት ግን በአጠገቡ አታሳልፍም።

«ይሄ ሁሉ ወግ ለወፍ መምቻ ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

ሞኟ፣ የጠየቅኳት አስቤላት መሰላት። ፊቷ ፈካ።

«እትዬ፣ ሌላ ጠመንጃ ዘይት ይወዳል። ይሄ ግን አየር መግቢያው ውስጥ አንድ ጠብታ ከገባ ታንኩ ሲከፈት በአየሩ ግፊት፣ በፕሬዠሩ ይቀጣጠላል። ይፈነዳል። ባለሱቁ አደራ እያለ ደጋግሞ ዋርን አድርጎኛል።»

«ኃይሉስ ያውቃል?»

«ስለ ጠመንጃው እንዳወራው አይፈልግም።»

ከእኔ በቀር ለማንም አልነገረችም።

የአየር ጠመንጃ ተኳሾች ክለብ ገባች፤ ውድድሩ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በሚባል ቦታ ከወንዙ በላይ ባለ ሜዳ፣ እሑድ እሑድ ነው። ስለዚህ ከቸርች ቀረች። እኔም የሴቶች ጸሎት ቡድን ላይ፣ «ለሰገነት ጸልዩላት፤ ከነጭ ወንዶች ጋር ሣር ላይ ትተኛለች» አልኩ። ተኳሾቹ ለማነጣጠር በሆዳቸው እንደሚተኙ ማስረዳት የእኔ ሥራ አልነበረም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወሬው አንድ የቸርች ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ፤ ሽማግሌውም ኃይሉን ለብቻው ወስዶ መከረው። ወንድሜ ሁለት ወር ሙሉ ሚስቱን አላናገራትም። ቤቱ ጸጥ አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እሷ ግን አልተወችም። በ1996 የጸደይ ወራት ክለቡ ዊስኮንሲን ለሚደረገው ትልቅ ውድድር ሦስት ሰው እንደሚመርጥ አስታወቀ። ሁለቱ የታወቁ ነበሩ፤ ሦስተኛው ቦታ በእሷና በአንድ የጥርስ ሐኪም መካከል ቀረ። እሑድ ይለያል። ኩሽና ውስጥ ቆማ፣ «እትዬ፣ ትዳሩንም፣ አሜሪካንም፣ ሥራውንም ሰው ነው የመረጠልኝ። በዕድሜዬ እኔ ራሴ የፈለግኩት ይህን ብቻ ነው» አለችኝ። እንባ አቅርራ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሆዱ ይባባ ነበር። እኔ ድንች መላጤን ቀጠልኩ።

ከምርጫው በፊት ባለው ቅዳሜ እሷ ኦቨርታይም ገብታለች። ከሰዓት በኋላ ኃይሉ ጠመንጃውን ይዞ ወጣና ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘረጋ። አፍሯል።

«እታለም፣ በጣም በደልኳት» አለኝ። «ነገ ትልቅ ቀኗ ነው። ልወልውልላት።»

የድሮ እጁ ተመለሰለት። አፈሙዙን ወለወለ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ የአየር መግቢያውን ክዳን ፈታ።

«ውይ! ይሄ እኮ ደርቆ አመድ መስሏል! ያለ ዘይት እስከ ዛሬ መሥራቱም ተአምር ነው።»

የመሣሪያ ዘይት ነበረው፤ አራት ጠብታ አንጠባጠበበት። እጇን እንዳያቆሽሽ ደግሞ ውጪውን በንጹሕ ጨርቅ አሳምሮ ጠረገ። እያንጎራጎረ ነበር። እኔን ኤርፖርት ከተቀበለኝ ቀን ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አላየሁትም።

ብርጭቆ ይዤ ቆሜያለሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ብነግረው ይጠርገዋል፤ እሷ ትመጣለች፣ ይታረቃሉ፣ ነገም ትመረጣለች። ዝም ብል ግን ጠመንጃው ይበላሻል፣ እሷ ትጮህበታለች፣ እሱም ዳግመኛ አይለማመጣትም። ፍንዳታውስ? የነገረችኝን አልረሳሁትም። ረስቼ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ አልረሳሁም።

«እጅህ ይባረክ» አልኩት።

«እንዳትነግሪያት። ሰርፕራይዝ ላድርጋት።»

እሑድ ጠዋት ሰገነት ጠመንጃዋን ይዛ ክፍሌ ገባች። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ለቸርች ጫማ እያደረግኩ ነበር። ኃይሉ ሳሎን ሆኖ በሁለት ወሩ «ቡና ልቅዳልሽ?» ብሏት ስለነበር ፊቷ በርቷል። ቱቦውን አገናኘች።

«ይጸልዩልኝ፣ እትዬ» አለችኝ።

«እጸልያለሁ» አልኳትና አንዱን ጫማ አድርጌ ሌላውን በእጄ ይዤ ወጣሁ። በሩ ጋ ዞር ብዬ አየኋት። እንደ ሁልጊዜው በጣም ቀስ ብላ ነበር የምትከፍተው።

ድምፁ አጭር ነበር። ኃይሉ ቡናውን ደፍቶ ሮጠ። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶችና የምታነጣጥርበት ዓይኗ ጠፉ።

ሆስፒታል ኮሪደሩ ላይ ኃይሉ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ያለቅሳል። «ደርቆ ነበር እኮ» ይለኛል። «ቀደም ብዬ ዘይት ባደርግለት ኖሮ! አራት ጠብታ ምን አላት?» እስከ ዛሬም የሚያስበው ዘይቱ እንዳነሰ ነው። እኔም፣ «የዘይቱን ነገር አታንሳባት፤ ይብስ ታዝናለች» አልኩት። እሺ አለኝ፤ እኔን እምቢ ብሎኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ብቻችንን ስንሆን ሰገነት በፋሻ መሀል በአንዱ ዓይኗ ፈለገችኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ እዚያ ነበሩ። ምን አጥፍቼ ነው?»

«ቸኮልሽ» አልኳት። «ባንዴ ቧ አድርገሽ ከፈትሽው።»

በፋሻ የተጠቀለለ እጇን አየር ላይ ቀስ አድርጋ አዞረች። መክፈቻውን እንዴት እንዳዞረችው ለማስታወስ እየሞከረች እንደነበር ገብቶኛል።

«ይሆናል» አለች። «ልቤ ሜዳው ላይ ነበር። እርስዎንም ልገድልዎት ነበር እኮ፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

ይቅር አልኳት።