በሁዳዴ የወዛ ከንፈር

አቻምየለሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቆረበች፣ በቡሬ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የሰውን ጾም የምታውቅ ሴት ነበረች። ማን ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ እንደቀመሰ፣ ማን ረቡዕን ሐሙስ አስመስሎ እንደበላ፣ ማን «አሞኛል» ብሎ ከበሩ ጀርባ ወተት እንደጠጣ መጠየቅ ያለባት እሷ ናት። ክፋት አልነበረባትም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ጎረቤት ሲታመም አጥሚት ይዛ ቀድማ የምትደርሰው እሷው ነበረች። አጥሚቱን እያጠጣች ግን የታመመው ሰው ባለፈው ዓርብ ምን እንደበላ ትጠይቃለች።

የራሷ ጾም ነቀፋ አልነበረውም። የመጨረሻ ልጇን ወልዳ በተኛችበት ቄሱ «አራስ ነሽና ብይ» ብለው ቢፈቅዱላት፣ «እርስዎ ቢፈቅዱ እኔ መች ፈቀድሁ» ብላ ሽሮዋን የበላች ሴት ናት። በትንሣኤ ሌሊት ነጭ ለብሳ ከቆራቢዎች ፊት መቆም የዓመት ድካሟ ሁሉ ደመወዝ ነበር። ከዚያ ቦታ ተነጥላ ከኋላ ብትቆም መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች።

አጥሯን የምትጋራት ገላነሽ ደግሞ ይህንን አሳምራ ታውቃለች። ባለፈው ፍልሰታ ገላነሽ ቅዳሴ ሳይወጣ አንድ እፍኝ ቆሎ አፏ ውስጥ ስትጨምር አቻምየለሽ አይታ ለንስሐ አባታቸው ለመምሬ ሃይለ ሚካኤል ነግራባት፣ ሃያ ስግደት አሰግዳታለች። ከዚያ ወዲህ ገላነሽ ቀን ትጠብቅ ነበር፤ ስትጠብቅም ፈገግ እያለች ነው።

ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ምሽጉ ሲጠበው ሰዎቹን በየሰዉ ቤት አሰፈረ፤ ለአቻምየለሽ የደረሳት ዘሩ የሚባል፣ ከኤርትራ የመጣ፣ ጢሙን ወደ ላይ ያሾለ የምሽጉ ወጥ ቤት አብሳይ ነበር። የጓሮ ጎጆዋን ሰጠችው እንጂ አንድ ወር ሙሉ ሰላም አላለችውም። በኋላ ረቡዕና ዓርብን እንደማይገድፍ ስታይ ልቧ ትንሽ ላላ። ጠላትስ ጠላት ነው፤ ይኸኛው ግን ጾመኛ ጠላት ነው ብላ አሰበች።

በሁዳዴ፣ በገብር ኄር ሳምንት ረቡዕ ዕለት ዘሩ በጨርቅ የጠቀለላቸው ሁለት ነገሮች ይዞ መጣ። ጭብጥ ጡጫ ያክላሉ፤ ቆዳቸው ሻካራ፣ መልካቸው ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ ነው።

«እናቴ፣ አቮካዶ ይባላል» አላት። «ለሹሙ ከአስመራ በሣጥን መጣለት፤ መንገድ ላይ ለስልሷል ብሎ ጣለው። ለእርስዎ አመጣሁት፤ የጾም ነው።»

«የጾም ነው ያለው ማን ነው?»

«ዛፍ ላይ የሚበቅል ፍሬ ነዋ።»

«ዛፉን አይተኸዋል?»

ዘሩ ጢሙን ነካካ። «እውነቱን ለመናገር ያየሁት ሣጥኑን ነው።»

አሠራሩን ነገራት። ዙሪያውን በቢላ መሰንጠቅ፤ ግራና ቀኝ አዙሮ ማላቀቅ፤ ውስጡ ያለውን ትልቅ ፍሬ አውጥቶ መጣል፤ ሥጋውን በማንኪያ ማውጣት። ከዚያ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ጨው። አለቀ።

«መቼ ነው የሚጣድ ታዲያ?»

«አይጣድም፤ እሳት ከነካው ይመርራል። እንዲሁ ነው የሚበላው።»

«እሳት ያላየውን የምትበላ ላም ናት» አለች አቻምየለሽ። ወዲያው ከምሽጉ መለከት ተነፋ። ዘሩ በማግስቱ ከመኪናዎቹ ጋር ወደ ሌላ ምሽግ ወርዶ ሳምንት እንደሚቆይ ነግሯት ሄደ።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፍሬዎቹን እያየች ተቀመጠች። ሰዓቱ ሲደርስ አንዱን አንስታ እንደተባለችው ሰነጠቀችው። ውስጡ እንደ ለጋ ቄጠማ ለምልሞ ወጣ። በማንኪያ እየፋቀች ጣባ ላይ አደረገችው፤ ሽንኩርቱን አድቅቃ ከተፈች፤ ከጓሮዋ ሁለት ቃሪያ ቀጥፋ ጨመረች፤ ግማሽ ሎሚ ጨመቀችበት፤ ጨው ነሰነሰች። የሠላሳ ዓመት ባለሙያ ናትና በደንብ አዋሃደችው። ከዚያ እንጀራ ቆርሳ፣ ጠቅልላ፣ አማትባ ጎረሰች።

ማኘኳን አቆመች።

ከሠላሳ ቀን በላይ ሽሮና ጎመን ብቻ ያየ ምላስ ነው። ያ ነገር እዚያ ምላስ ላይ ሲያርፍ ሳይታኘክ ተንሸራቶ ወረደ። አቻምየለሽ በዕድሜዋ እንዲህ ሆኖ የሚወርድ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ቅቤ ነው! አለች በልቧ።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነበር። ጣልያን በመድፍ ያልሆነለትን በቅቤ ሊያደርገው ነው! ፍሬ ውስጥ ቅቤ ሸሽጎ ሃይማኖታችንን ሊያስጥለን! በንዴቷ ሁለተኛ ጎረሰች፤ ለማረጋገጥ ነው። አዎ፣ ቅቤ ነው። ሦስተኛው ለምን እንደሆነ እሷም አታውቀውም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፤ በሩን አየት እያደረገች፣ «ፍሬ ነው ብሎኛል፤ ኃጢአቱ በራሱ» እያለች ጣባውን በእንጀራ ጠርጋ ጨረሰችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እጇ ደግሞ ከአፏ የበለጠ እውነተኛ ነበር፤ የወዛ ጣቷን ቅቤ የነካ ሰው እንደሚያደርገው ቅልጥሟ ላይ አሸት አሸት አደረገችው።

«ቤቶች! እሳት ልጭር ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ። ገላነሽ ገል ይዛ ገባች።

ፍም ወዳለበት ምድጃ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ሁለተኛውን አልተራመደችም። የአቻምየለሽን ከንፈር አየች።

«እህቴ፣ ከንፈርሽ ወዝቷል።»

«ሱፍ ነው» አለች አቻምየለሽ። ሱፍ በዚያ ሰሞን ቤቷ ውስጥ አልነበረም።

«ቅልጥምሽንም ሱፍ አብልተሽው ነው?»

አቻምየለሽ ቀሚሷን ወደ ታች ሳበች። ገላነሽ በስመ አብ ብላ፣ ገሏን እንደያዘች፣ እሳቱን ሳትጭር ሄደች። በዚያ ምሽት ቤቷ እሳት ሳይነድ ወሬው ነደደ።

ጠዋት ውሃ መቅጃው ላይ አቻምየለሽ ቅቤ በልታለች ተባለ። ረፋዱ ላይ አንድ ቅል ቅቤ ሆነ። ወሬው ከቡሬ ወጥቶ ጎረቤት ከተማ ሽንዲ ሲደርስ ጣልያን ራሱ ቤቷ ገብቶ እንደናጠላትና ካቶሊክ ሆና ስሟን እንደለወጠች ተነገረ። አንዳንዱ አዲሱን ስሟን ሳይቀር ያውቀው ነበር።

ሐሙስ ቅዳሴ ሲወጣ መምሬ ሃይለ ሚካኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁዳዴ ሲገፋ መቀነታቸው አንድ ዙር ይጨምራል። መደብ ላይ ተቀመጡ። ገላነሽ ሳትጠራ መጥታ ከበሩ አጠገብ ቆማለች።

«ልጄ፣ የሚወራው ምንድን ነው?»

«ዘሩ ፍሬ ነው ያለኝን ነው የበላሁ» አለች አቻምየለሽ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። የቀረውን አንዱን አውጥታ ሰጠቻቸው።

መምሬ አገላበጡት። አሸተቱት። ጥፍራቸውን ቆዳው ላይ እያስኬዱ ስንጥቅ ፈለጉ። «ቅቤ ቢገባበት መግቢያ ቀዳዳ ይኖረው ነበር። ይሄ ቀዳዳ የለውም።»

«አውሮፕላን የሠራ ሰው ቀዳዳ መድፈን ያቅተዋል እንዴ መምሬ?» አለች ገላነሽ።

መምሬ ይህን አሰቡበት። «ዕቃው እንደተበላው ሆኖ ይቅረብልኝ፤ ሳልቀምስ አልፈርድም» አሉ። «ከቀመስሁት በኋላ ነው ወይም አይደለም እላለሁ። ቅቤ ከሆነ፣ ልጄ፣ የዘንድሮ ትንሣኤ ከቆራቢ ጋር አትቆሚም።»

አቻምየለሽ ሽንኩርቱን እየከተፈች ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንባው የሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም። ቃሪያውን፣ ሎሚውን፣ ጨውን ጨምራ ጣባውን ከእንጀራ ጋር ፊታቸው አስቀመጠችው። መምሬ ባርከው ትንሽ ጎረሱ።

ዓይናቸው ተከደነ።

«ምን ይላሉ መምሬ?» አለች ገላነሽ።

«ዳኛ አይቸኩልም» ብለው ደገሙ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ተለቅ ያለ ነበር። ሦስተኛውን ሲጎርሱ ጉንጫቸው ተነፋ። ለአራተኛ ጊዜም እንጀራ ቆረሱ።

«ምስክርስ ሳይቀምስ ይመሰክራል?» አለች ገላነሽ ምራቋን ውጣ። መልስ ሳትጠብቅ አጠቀሰች። ዓይኗ ፈጠጠ። ደግማ አጠቀሰች። ለሦስተኛ ጊዜ የጣባውን ዙሪያ ጠረገች።

«ቅቤ ይመስላል» አሉ መምሬ፣ አፋቸው እንደሞላ፣ በሐዘን።

አቻምየለሽ ምድጃው አጠገብ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። መምሬ አዘኑላት መሰል ቶሎ ብለው፦

«ይመስላል አልሁ እንጂ ነው አላልሁም። የቅቤ ምስክሩ እሳት ነው። ቅቤ ከሆነ ይቀልጣል» አሉ።

ጣባው ላይ የቀረችውን ጥፍር የምታክል አንስተው ገል ላይ አደረጉ፤ ገሉን ፍም ላይ ጣዱት። ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ከበቡት። አቻምየለሽ ትንፋሿን ያዘች። ከቀለጠ አለቀላት። ገላነሽ ደግሞ «ቅለጥ፣ ቅለጥ» የምትል ትመስል ነበር።

አልቀለጠም። ዳር ዳሩ ደረቀ፤ ጠቆረ፤ የተቃጠለ ቅጠል ሸተተ። መምሬ ትልቁን ፍሬ ከትራፊው መካከል አንስተው ለገላነሽ አሳዩዋት። «ፍሬ ያላት ላም አይተሽ ታውቂያለሽ? ይኸ የዛፍ ነው። አቻምየለሽ ንጹሕ ነሽ፤ ለትንሣኤ ትቆርቢያለሽ።»

በወጉ አቻምየለሽ እልል ማለት ነበረባት። ብድግ አለች፤ ተመልሳም ተቀመጠች። ደስ ሊላት አልቻለም። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ዝም ማለቱም አላስቻላትም።

«መምሬ» አለች፣ «ፍሬውስ ንጹሕ ነው። እኔ ነኝ ያልነጻሁ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ቅቤ መስሎኝ ነው የበላሁት። ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ። ቅቤ ነው፣ ቅቤ ነው እያልሁ ነው ጣባውን የጠረግሁ። እውነት ቅቤ ቢሆንም አልተወውም ነበር።»

መምሬ ሊመክሯት አፋቸውን ከፈቱና ዓይናቸው ጣባው ላይ ወደቀ። ባዶ ነው። ጠርዙ እንኳን ተጠርጓል። ጢማቸው ላይ አንዲት የሽንኩርት ፍንጣሪ ነበረች፤ በጣታቸው አነሷት።

«እኔም» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «የቀመስሁት እሳቱ ሳይፈርድ ነው። ሦስት ጊዜ።»

«አራት ነው መምሬ» አለች ገላነሽ።

«አራት» አሉ መምሬ ተቀብለው። «ለእኔ አርባ ስግደት። ለአንችም አርባ፣ አቻምየለሽ። ነገ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ። ከሰገድን በኋላ ለትንሣኤ ሁላችንም እንቆርባለን።» ወደ በሩ ዞሩ። «አንችስ ገላነሽ፣ ስንቴ አጠቀስሽ?»

«እኔ? አንዴ! ለምስክርነት ያህል አንዴ ብቻ!»

አቻምየለሽ ቀና አለች። ሦስት ነው። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ቁጥር አምልጧት አያውቅም፤ ሦስተኛው እንዲያውም ዙሪያውን የጠረገው ነው። ገላነሽ አየቻት። የገላነሽ ከንፈር ወዝቶ ያበራል፤ ዓይኗ ግን በፍርሃት ተጨናንቋል። አቻምየለሽ ይህን ፍርሃት ከትናንት ጀምራ ታውቀዋለች።

«አንዴ ነው መምሬ» አለች። «ዓይኔ አላያትም እንዳይሉ፤ አይቻታለሁ።»

«እንግዲያው አሥር ይበቃሻል» አሉ መምሬ።

በማግስቱ ሦስቱም ጎን ለጎን ሰገዱ። መምሬ እያቃሰቱ አርባቸውን ጨርሰው ግንቡን ተደግፈው ቆሙ። አቻምየለሽ አርባውን አድርሳ፣ በጾም ቀን በሐሰት ስለ መሰከረችበት ለራሷ አሥር ጨመረች። አጠገቧ ገላነሽ አሥሯን ጨርሳለች፤ ግን አልተነሣችም። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ማንንም ሳታይ ቀጠለች። የቆመችው ሠላሳ ላይ ነው።

ሠላሳ መሆኑን አቻምየለሽ ታውቃለች፤ መቁጠር መተው አይሆንላትም። ለማንም ግን አልተናገረችም።