ረጅሙ መቀመጫ

አሰበ ተፈሪ የገባሁት በአብዮቱ የመጀመሪያ ዓመት፣ የአውራጃው ዜና ዘጋቢ ሆኜ ነው። ከተማዋ ዛሬ ጭሮ ትባላለች። የዚያን ቀን ጠዋት ጉም ወርዶ ነበር። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ቢሮው ድረስ ያየሁት የሰዎችን እግርና የአህዮችን ጆሮ ብቻ ነው።

አለቃዬ አቶ ግርማ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ብዕር ይዘሃል?» አሉኝ።

«ይዣለሁ።»

«መኪናስ?»

«መኪና የለኝም።»

«እኛም የለንም። ስለዚህ እዚህ አገር ዘጋቢ ማለት ተሳፋሪ ማለት ነው። ያገኘኸው መኪና ላይ ትወጣለህ። ሹፌሩ ተቀመጥ ያለህ ቦታ ትቀመጣለህ፤ ውረድ ሲልህ ትወርዳለህ። ክርክር ካማረህ ስብሰባ ሞልቶልሃል።»

ከሰዓት በኋላ ዘር ጭኖ ወደ አሰቦት የሚወርድ ላንድሮቨር ተገኘ። ሹፌሩ ጋሽ አስፋው ጥቁር ካፖርት የለበሱ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ከጆንያዎቹና ከሌሎቹ ተሳፋሪዎች መሐል ቦታ አሳዩኝ። «ጀርባህን ለጋቢናው ስጥ። እግርህን ወደ ውስጥ ሰብስብ። ጠርዝ ላይ የሚቀመጥ ወፍ ነው» አሉኝ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር መኪናውን አቁመው ሁላችንንም አወረዱን።

«ምን ተበላሸ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ምንም። የሚወረደው ሳይበላሽ ነው።»

ሰው የሌለበትን መኪና ብቻቸውን ይዘው ወረዱ፤ እኛ በእግር ተከተልን። ጉሙ ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ከፊታችን ይሰማል፤ መኪናው ግን አይታይም። ከጎኔ የሚሄደው ሰውዬ ለራሱ ያንጎራጉር ነበር። ከዚያ ጉሙ በአንድ ጊዜ ከእግራችን ሥር ተከፈተና ቆላው ታየ። ቢጫ ነው፤ ዳር የለውም። የባቡር ሐዲዱ እንደ ክር ተዘርግቶበታል። እየሄድኩ ይሁን ተኝቼ ይሁን ለጊዜው አልለየሁም። ታች ስንደርስ ጋሽ አስፋው ከጥላ ሥር አቁመው ይጠብቁን ነበር። «ግቡ» አሉን።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በጭነት መኪና፣ በፒክአፕ፣ በትራክተር ጋሪ፣ አንድ ጊዜም በሐዲድ ጥገና ጋሪ ተሳፍሬአለሁ። ጆንያ ላይ መተኛት ለመድኩ። የተሳፋሪ እንቅልፍ ልዩ ነው። ጆሮ ነቅቶ ይቆያል፤ ሞተሩ ማርሽ ሲቀይር ዓይን ይገለጣል። ብዙውን የምዕራብ ሐረርጌ መንገድ የማውቀው በዚያ ዓይነት እንቅልፍ ውስጥ ሆኜ ነው። ማሽላው፣ ተራራው፣ የጫት ማሳው ሁሉ ከጎን ወደ ኋላ ሲፈስ አስታውሰዋለሁ።

ቆላው የራሱ ደንብ አለው። በሚኤሶና በቦርደዴ መካከል በእግር የሚሄድ ሰው ካገኘህ፣ ከኋላህ ቦታ ካለ ትጭነዋለህ። ቦታ ከሌለህ ቆመህ ሰላም ትላለህ፤ አለመኖሩንም በዓይኑ ያያል። ባዶ ቦታ ይዞ ሽማግሌ ያለፈ ሹፌር ስሙ ከእሱ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ይህን ሁሉም ሹፌሮች ያውቁ ነበር።

ባለ አራት ጎማው ሞተር የመጣው ከትልቁ ድርቅ በኋላ ነው። ለሚኤሶ የእንስሳት ጤና ጣቢያ በእርዳታ ተሰጠ። መሪው እንደ ሞተር ብስክሌት እጀታ ነው። ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ አውራ ጣት እየተገፋ ነው። ጎማዎቹ ወፍራም፣ አየራቸው ትንሽ፣ ሲረገጡ የሚለሰልሱ ናቸው። ከፊትም ከኋላም የዕቃ ማሰሪያ ብረት አለው። መቀመጫው ግን ረጅም ነበር። ማንም ሰው ሲያየው የሁለት ሰው ነው ይላል።

የሚነዳው ሸምሱ የሚባል የእንስሳት ጤና ረዳት ነው። አሰበ ተፈሪ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ነጋዴ ልጅ ሲሆን፣ በአማርኛም በኦሮምኛም እኩል ይቀልዳል። ሥልጠና ወስዷል። ሞተሩ ላይ የተለጠፈች ሥዕል ነበረች። ሥዕሏ ውስጥ ሁለት ሰው ሞተር ላይ ተቀምጧል፤ በሁለተኛው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል።

ሸምሱ በሥዕሏ ደንብ ጸና። የራስ ቁሩን ሳያስር አይነሳም፤ ሰው አይጭንም። መንገደኛ ሲያገኝ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፣ ሰላም ይላል፣ «ሸክምዎን ልውሰድልዎ» ይላል። ሸክሙን የፊት ብረቱ ላይ ያስርና መንደር ያደርሳል። ሰዎቹ ሸክማቸውን ይሰጡትና ከኋላው እየሳቁ ይቀራሉ። ሞተሯን «የሸምሱ ግመል» አሏት።

ጣቢያው አጠገብ ወተት የምትሸጠው ፋጡማ በጣም ትነዘንዘው ነበር። «ሸምሱ፣ ያ ቦታ ለሙሽራ ነው የተቀመጠው?»

«አዎ፣ ግን እሷም በእግሯ ነው የምትመጣው» ይላታል።

«እንዲህ ከሆነ አርጅተህ ትቀራለህ!»

ነገሩ ከቀልድ ያለፈው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በቦርደዴ በኩል ታየ የተባለ ጊዜ ነው። ከሚኤሶ ወዲያ፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ርቀው፣ ብዙ ከብት የያዙ ቤተሰቦች ሰፍረው ነበር። ድርቁ የተወላቸው ያ ከብት ብቻ ነው። በፊት በነበረው ክትባት ሰሞን ጥጆች ስለ ሞቱባቸው መርፌውን ፈርተዋል። ጥጆቹ ቀድሞም ታመው ነበር፤ ይህን ግን ማን ይስማ? አሁን የላኩት መልእክት አንድ ነው። ሐጂ ኢብሮ ካልቆመበት ከብቱ ከአጥር አይወጣም።

ሐጂ ኢብሮ የእነዚያ ቤተሰቦች ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ግመል ሲጭኑ የኖሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው። ጉልበታቸውን አሟቸው ለሕክምና ሚኤሶ ልጃቸው ቤት ሰንብተዋል። ክትባቱ ደግሞ በበረዶ ሳጥን መጥቶ እጅ ላይ ነው። በረዶው ከቀለጠ ክትባቱ ይበላሻል። የጣቢያው ላንድሮቨር ሞተሩ ወርዶ አሰበ ተፈሪ ጋራዥ ቆሟል። የቀረው የሸምሱ ግመል ነበር። እኔም ለዚያ ዜና ወርጄ ጣቢያው በር ላይ ቆሜአለሁ።

ሐጂ በዱላቸው እየተደገፉ መጡ። ዱላው ጫፉ ላይ የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለበት፣ ከእጅ ብዛት የጠቆረ ነው። መቀመጫውን አዩና እጃቸውን ጫኑበት።

«ሞቋል። እንሂድ።»

ሸምሱ የበረዶ ሳጥኑን ከኋላ እያሰረ ነበር። «ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሰው አልጭንበትም።»

በሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ጠጋ አሉ። ፋጡማም ወተቷን ትታ መጣች።

«ሥዕሉ ነው የሚከለክልህ?» አሉ ሐጂ። «እስቲ አሳየኝ።» ሸምሱ አሳያቸው። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። «ለሁለተኛው ሰው ቦታ ሠርተው፣ ሁለተኛውን ሰው ሰረዙት። እነዚህ ሰዎች እንግዳ አያውቁም ማለት ነው?»

ሳቅ ሆነ። ሸምሱ አልሳቀም። አባቱ ከሐጂ ጋር ዘመናቸውን ሁሉ ተገበያይተዋል። እኚህን ሰው በሕዝብ ፊት ማሳፈር ለእሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ጭኖ ቢወድቁበትስ? ካልጫናቸውስ፣ ከብቱ?

«ወንዙ ድረስ አብረን እንሂድ» አለ። «እዚያ አንድ ነገር ይዩልኝ። ከዚያ እርስዎ ይፍረዱ።»

ወንዙ ከከተማው ጫፍ ቅርብ ነው። ሸምሱ ሞተሩን አልወጣበትም። ከጎኑ እየሄደ፣ አውራ ጣቱን በትንሹ እየገፋ፣ በሐጂ እርምጃ ልክ አስኬደው። ከተማው ሁሉ ወጥቶ አየን። ጋዜጠኛ፣ ሽማግሌና እንደ በግ የሚመራ ሞተር! ሙቀቱ መንገዱን እንደ ውኃ ያንቀጠቅጠው ነበር፤ ከፊታችን ያሉት ግራሮች እግር አልነበራቸውም።

ዳርቻው ላይ ሸምሱ የበረዶ ሳጥኑን ፈትቶ ለእኔ ሰጠኝ። «ጥላ ውስጥ ያዝልኝ፤ እንዳትከፍተው» አለና የራስ ቁሩን አሰረ።

ቁልቁለቱን ወረደ። ሞተሩ አፍንጫውን ሲደፋ ሸምሱ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ መቀመጫው መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ ክንዶቹ ተወጠሩ። አሸዋውን አቋረጠ። የማዶውን ዳገት ሲጀምር ደግሞ ወደ ፊት ሄደ፤ ደረቱ እጀታው ላይ ሊተኛ ደረሰ። ከጀርባው መቀመጫው በሙሉ ባዶ ሆነ። ዞሮ ተመለሰ። ሲወርድ እንደገና መጨረሻው ድረስ፣ ሲወጣ እንደገና ጫፉ ድረስ። እኛ ያለንበት ዳርቻ ላይ ሲደርስ የፊት ጎማዎቹ ለአፍታ ከመሬት ተነሡ፤ ሸምሱ ክብደቱን ጥሎ መለሳቸው።

 ሐጂ አገጫቸውን በዱላው ላይ አሳርፈው «አንድ ጊዜ ድገመው» አሉ።

ደገመው።

«ግመል ቁልቁለት ስትወርድ ጭነቷ ወደ አንገቷ ይሸሻል» አሉ ለእኔ። «እኛ ከኋላ ስበን እንይዛለን። ይሄ ልጅ ጭነቱም እሱ፣ ሳቢውም እሱ ነው። እኔ እዚያ ብቀመጥ የት ይሸሻል?»

ሸምሱ ተመልሶ ሞተሩን አጠፋ።

«ቦታው ባዶ አልነበረም ለካ» አሉት ሐጂ። «የጀርባህ ቦታ ነው።» ማዶውን አዩና ደግሞ «ወንዙን በእግሬ ብሻገርስ? ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው» አሉ።

«ሜዳው ሣር ለብሷል፣ ሐጂ። ከርከሮ የቆፈረው ጉድጓድ አይታይም። ሌላ ወንዝም አለ።»

«አለ» አሉ። «ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል። አውቀዋለሁ።»

ሳጥኑን አቅፌ ቆሜአለሁ። ከሥሩ ውኃ እጄ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ሦስታችንም ጠብታውን አየነው።

ሐጂ ከግራሩ ሥር ድንጋይ ላይ በዝግታ ተቀመጡ። ከዚያ ዱላቸውን ዘረጉለት። «ይሄን ጫን። እሱ አይከብድህም። ‹ኢብሮ እዚህ ቆሟል› በላቸው።»

«እርስዎስ፣ ሐጂ? ያለ እሱ እንዴት ይነሣሉ?»

«አልነሣም። እስክትመልሰው እቀመጣለሁ። ጋዜጠኛው ወሬ ያወራልኛል፤ ሥራው አይደለም እንዴ?»

ሸምሱ ዱላውን በሁለት እጁ ተቀበለ። የፊት ብረቱ ላይ፣ ከጎማው የማይደርስ አድርጎ፣ ሦስት ቦታ አሰረው። ሳጥኑን ከኋላ አሰረና ወረደ።

ያን ከሰዓት እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። የሞተሩ ድምፅ ራቀ፣ እንደ ንብ ሆነ፣ ጠፋ። ከድሬዳዋ በኩል የሚመጣ ባቡር ጮኸ፤ እሱም ጠፋ። ሐጂ ከአሰቦት ተራራ ሥር ጨው ጭነው ስለሚያልፉበት ዘመን አወሩኝ። ከተራራው ላይ የገዳሙ ደወል ሲሰማ ግመሎቹ ጆሯቸውን ያቆሙ ነበር አሉ። እኔ የማወራላቸው አጣሁ። ጥላው ከእኛ ሸሸ፤ ተከትለነው ስንሄድ ትከሻዬን ይዘው ተነሡ፤ ክብደታቸው እንደ ሕፃን ነበር። የዐስርን ሶላት ተቀምጠው ሰገዱ። አንዳንዴ አቧራ ከማዶ ሲነሣ ሁለታችንም ቀና እንላለን፤ ነፋስ ይሆናል። ከብቱ ካልወጣ ሸምሱ ቶሎ ይመለሳል ብዬ አስቤ ስለ ነበር በዘገየ ቁጥር ደስ ይለኝ ጀመር። ከዚያ ደግሞ ወድቆ ይሆን ብዬ አሰብሁ። ሐጂም ያሰቡ መሰለኝ፤ ማውራት አቆሙ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ንቧ ተመለሰች። ሸምሱ በማዶው ዳርቻ ብቅ አለ፤ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ወረደ፣ ወደ ፊት ተደፍቶ ወጣ። ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። ሳጥኑ ባዶ ነበር። ዱላው የታሰረበት ቦታ ላይ ነው።

«ማን ያዘው?» አሉ ሐጂ፣ ከሰላምታም በፊት።

«አማችዎ ሙሜ። ሽቦውን ነካ፣ አሸተተው፣ ከዚያ አጥሩ በር ላይ ተከለው። ትይዩ ተቀምጦ ‹ኢብሮ፣ ይውጣ?› አለ።»

«እና?»

«ዝም አሉ፣ ሐጂ። ‹ዝም ካለ ፈቅዷል› አለና በሩን ከፈተ። ከብቱ ሁሉ በዱላዎ ጎን አለፈ።»

ሐጂ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «ሙሜ እኔ ስናገርም እንዲህ አይሰማኝ!» ዱላውን ተቀብለው ተነሡ። መቀመጫውን አላዩትም፤ ሸምሱን ግን ግንባሩን ነኩት። ሸምሱ ሞተሩን አጥፍቶ ከጎናቸው እየገፋ ወደ ከተማ ተመለስን። በሽታው በዚያ ዓመት ወንዙን አልተሻገረም።

ከሚኤሶ ፖስታ ቤት ለአቶ ግርማ ደወልሁ።

«ከብቶቹ ተከተቡ?»

«ተከተቡ። ነገር ግን አንድ ዱላ—»

«መከተባቸውን ጻፍ። ዱላ ዜና አይደለም።»

ትክክል ነበሩ፤ የጻፍሁትም እንዳሉት ነው። ስለዚህ ዱላው እስከ ዛሬ ሳይጻፍ ቆየ።

ዛሬ ባለ አራት ጎማ ሞተር በዝቷል፤ ሁለትና ሦስት ሰው ተፈናጥጦበት አያለሁ። ለአንድ ሰው በተሠራው ላይ ግን መውጣት ያለበት የሚነዳው ብቻ ነው። ከጀርባው ያለው ቦታ የተያዘ ነው።