የሻምበል ጥርስና የሰርዶ ለቀስተኞች

አዋሽ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት የከፈተችው ውባንች ግዙፍ ሰካራም እንኳ በአንድ ግልምጫ ታስወጣለች። የፈራችው ውሻዋ ሻምበል የሚወጋውን መርፌ ብቻ ነው። ያረጀው ሻምበል ጥርሱ በስብሶ መብላት ሲያቅተው የእንስሳት ሐኪሟ ሙኒያ እቅጩን ነገረቻት፦ "በማደንዘዣ አስተኝቼ ልንቀልለት። በዕድሜው ላይነቃ ይችላል፤ ከተተወ ግን ረሃብ ይገድለዋል።"

ውባንች መወሰን አቅቷት ጉዳዩን ለሰፊው ተመጋቢ ሕዝብ አቀረበች። ከጥብሱ ቀና ያለ ሁሉ የጥርስ ሊቅ ሆነ፤ አንዱ ቅርንፉድ፣ ሌላው የባትሪ ውሃ አዘዘ። ከዚያ ሊቃውንቱ ወሬውን በየመንገዱ እየዘሩ ወደ ሰርዶ ከተማ ነዱ።

በማግስቱ ሾፌሩ ታጁ ከሰርዶ ደወለ። "ውቤ፣ አላህ ያጽናሽ! መርፌው ላይ ቀረ አሉ።"

"ማን?"

"ሻምበል ነዋ! እዚህ ሁላችንም አዝነናል።"

ሟቹ እግሯ ስር ተኝቶ ያቃስታል። ውባንች ሳቋ አመለጣት። "በሉ፣ ለቅሶውን ከጨረሳችሁልኝ ከእንግዲህ ምን እፈራለሁ?" ብላ ውሻዋን በባጃጅ ጭና ሙኒያ ዘንድ ወሰደችው።

ሻምበል አራት ጥርስ ጎድሎት እየተንገዳገደ ነቃ፤ ማታውኑ የሾርባ ሳህን ልሶ አጸዳ። ታጁ ሲመለስ በሩ ላይ ጮኸበት። ታጁ ግን ያለቀሰለትን ሞት በቀላሉ የሚተው ሰው አይደለም፦ "ጥሩ ውሻ ተክተሻል፤ የሟቹን ያህል ግን አይጮህም።"