ጥላ የለመዱ አርባ ችግኞች

ስድስት ወር ካሳደግኋቸው ስልሳ የቡና ችግኞች አርባውን የቀበሌያችን ሊቀመንበር በኅዳር ወሰደብኝ። ከአውራጃው ባለሥልጣናት ስለሚመጡ የጽሕፈት ቤቱ ግቢ አረንጓዴ ሆኖ እንዲታይለት ፈለገ።

ያበቀልኳቸው ጅማ ውስጥ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ካለው ቤታችን ጓሮ፣ በጣሳ ነበር። የጅማ ክረምት ረጅም ስለሆነ ሥሮቻቸው እንዳይበሰብሱ የየጣሳውን ቂጥ በምስማር አምስት አምስት ቦታ በሳሁት። ዝናቡ ሲያቆም የሣር ዳስ ሠራሁላቸው። በየሳምንቱ ከዳሱ ላይ አንድ እፍኝ ሣር እያነሳሁ ከፀሐይ ጋር ላላምዳቸው አስቤ ነበር፤ ሰኔ ሲገባ ደግሞ አጋሮ ባለችው የአባቴ ማሳ፣ በሽታ በጨረሰው ቡና ቦታ ልንተክላቸው ነበር።

አባቴ በኦሮምኛ «ዲሲ» አለኝ፤ «ተወው ልጄ፣ ከሱ ጋር አትጋጭ።»

አልተጋጨሁም። እሁድ የቀበሌው ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ችግኞቹ ጥላ የለመዱ ናቸው። አሁን ፀሐይ ላይ ከተተከሉ ይደርቃሉ። ዳስ ይሠራላቸው።»

ሰውየው በሰው ፊት የተሰጠውን ምክር ተቀብሎ አያውቅም። ለብቻው ብነግረው ኖሮ ዳሱን ያሠራ ነበር። ለብቻው ያልነገርኩትም ለዚሁ ነው።

«ዝምተኛው ዛሬ አፍ አወጣ!» ብሎ ሳቀ። «አብዮታችን ዳስ ሥር ነው እንዴ ያደገው? ይልመዱት!»

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ጸሐፊው የተናገርኩትን ቃለ ጉባኤው ላይ ሲያሰፍር አየሁ፤ ኋላ አሻጥረኛ እንዳልባል ያ ይበቃኛል።

ባንዲራው ፊት ለፊት በአራት መስመር ተከሏቸው። በየጠዋቱ በዚያ እያለፍኩ ቅጠል በቅጠል አየኋቸው። በሦስተኛው ቀን ጠርዛቸው ነጣ፣ በአምስተኛው ቡናማ ሆነ፣ በስምንተኛው ቅጠሉ በእጅ ሲነካ ይፈረፈር ነበር። እንግዶቹ የመጡት በዘጠነኛው ቀን ነው።

ሊቀመንበሩ አስጠራኝ። ላብ በላብ ሆኗል።

«ወንድሜ፣ ችግኞቹ ከሰጠኸን ቀን ጀምሮ በሽተኞች ነበሩ በልልኝ።» ወንድሜ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

«የኔ ቃል ቃለ ጉባኤው ላይ አለ፣ ጓድ» አልኩት፤ እንግዶቹ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

አንደኛው እንግዳ መዝገቡ እንዲመጣለት ጠየቀ። ቆሞ አነበበው። ሊቀመንበሩ ጫማውን ያይ ነበር፤ እኔ እሱን።

ጥር ላይ ከሥልጣኑ ወረደ።

በሰኔ የቀሩትን ሃያ ችግኞች አጋሮ ወስደን ተከልን። አባቴ ለአርባዎቹ ቆፍረናቸው ባዶ ወደ ቀሩት ጉድጓዶች አየና «ለብቻው ብትነግረው ኖሮ ስልሳ እንተክል ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ፣ አባ» አልኩት። ሃያው በቅቶኝ ነበር።