ጥላ የገደላት ቦንሳይ

ዛሬ ጠዋት የቦንሳዬን ግንድ በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው ውስጡ ደርቋል።

በቴሌግራም ያዘዝኳት፣ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የምታድግ ድንክ ጥድ ናት። ጅማ ስትደርስልኝ እንደ ቡና ችግኝ የሣር ዳስ ሠርቼ ጥላ ሥር አኖርኳት።

ለሻጩ ደወልኩለት። «እናቴ፣ ጥድ እኮ ፀሐይ ነው የሚፈልገው!» አለኝ።

ስለ ቦንሳይ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ ነበር። ስለ ጥላ የሚያወራውን ግን፣ ለጅማ ሰው ይሄ ይነገራል ወይ ብዬ ዘለልኩት።

ጎረቤቴ ፋጡማ ከአጥሩ ማዶ «አብሽሪ፣ ሌላ ታዢያለሽ» አለችኝ። አላዝም።

ባለቤቴ ሲሞት እሱ የተከለውን ቡና አስቆርጬዋለሁ። በዚያ ፈንታ አንዲት ዛፍ እንኳ ላሳድግ ብዬ ነበር።

ይህን ከመጻፌ በፊት ግን ውኃ አጠጣኋት። እናንተስ፣ መድረቁን እያወቃችሁ ያጠጣችሁት ዛፍ አለ?